ለልጆቻችን ማስታወሻ ሳይሆን ጃኬት እንላክላቸው

ባለፈው ጥር፣ ከዳላስ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጋርላንድ፣ እኅቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ማለዳ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ጫማውን ሲያስር፣ እኅቴ ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ገንጥላ ሁለት መስመር ጻፈችና ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ዛሬ ስፖርት አለው፤ ውጭ እንዳያወጡት ነው" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የአየሩን ሁኔታ አየሁ፤ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነው እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። የልጅ ልጆቿን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናታችን ግን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ጋቢዋን እየተከናነበች ፍርዱን አጸናችው፤ "ደግ አደረግሽ ልጄ! ብርድ አጥንት ውስጥ ከገባ መቼ ይወጣል?"

ማታ ልጁን "ታዲያ ስፖርት እንዴት ነበር?" ስለው አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀለ መለሰልኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ጎል ሲቆጥር ነበር። ጓደኞቹ አራት ለሦስት አልቀዋል።

በዚያ ሰሞን በየቤቱ ቡና ላይ ነገሩን ሳነሣ እኅቴ ብቻዋን እንዳልሆነች ተረዳሁ። በጋርላንድም በሪቻርድሰንም ያገኘኋቸው ወላጆች ወይ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ጽፈው ያውቃሉ፣ ወይ ልጁ በብርድ ቀን "አሞኛል" እንዲል መክረውታል። ይህን የምጽፈው ልወቅሳቸው አይደለም። እኔም በብርድ ምክንያት ከጨዋታ የተከለከልሁ ልጅ ነበርሁ። ሆኖም ጉዳዩን ከሳይንሱ አንጻር ስመረምረው፣ በዳላስ ክረምት ልጅን ከሜዳ ማስቀረት ከሚያድነው የሚያሳጣው ይበዛል የሚል አቋም ላይ ደርሻለሁ። መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

በአማርኛ "ብርድ" የአየር ጠባይ ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታም ስም ነው። "ብርድ መታኝ"፣ "ብርድ ገባብኝ" እንላለን። ሐኪሞች ኒሞኒያ የሚሉትን ሕመም "የሳንባ ምች" ብለን ሰይመነዋል፤ ምች ደግሞ ሰውን ከውጭ ድንገት የሚመታ፣ ዳማከሴ ታሽቶ የሚሸተትለት ነገር ነው። ሐኪሙ ገና ሳይናገር ቋንቋችን አየሩን ጥፋተኛ አድርጎታል። እንግሊዝኛውም ከዚህ አላመለጠም፤ ጉንፋንን "ኮልድ" የሚለው ያንኑ ብርድን ነው።

ሳይንስ ይህን ክስ ደጋግሞ መርምሮታል። አንደኛው ምርመራ የተካሄደው በዚሁ በቴክሳስ ግዛት ነው። ተመራማሪዎች ከማረሚያ ቤት የተውጣጡ ፈቃደኞችን ጉንፋን በሚያስይዘው ራይኖ ቫይረስ ከለከፉ በኋላ ከፊሎቹን ለብርድ አጋልጠው፣ ከፊሎቹን በሙቀት አቆይተው አነጻጸሩ። ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ታራሚዎችን እንዲህ ላለ ሙከራ በቀላሉ አይፈቅድም፤ ያኔ ግን ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ውጤት፣ ብርዱ ሕመሙን እንዳላባባሰው የሚገልጽ ነበር።

ነገሩ እዚያ ቢቆም እናቴን ቀና ብዬ "ተሳስተሻል" እላት ነበር። አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2005 በዌልስ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 90 ሰዎች እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ እንዲነክሩ፣ ሌሎች 90 ሰዎች ደግሞ እግራቸውን ባዶ ሳፋ ውስጥ እንዲያስቀምጡ አደረጉ። በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ከቀዘቀዙት መካከል 13ቱ፣ ካልቀዘቀዙት ደግሞ 5ቱ የጉንፋን ምልክት እንደተሰማቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥ የመተንፈሻ አካል ሕዋሳትን ይዘው ባደረጉት ጥናት፣ ራይኖ ቫይረስ በ37 ዲግሪ ካለው ይልቅ በ33 ዲግሪ ሙቀት በተሻለ እንደሚራባና የሕዋሳቱ የመከላከል አቅምም እንደሚደክም አሳዩ። 33 ዲግሪ ቀዝቃዛ አየር የምንስበው የአፍንጫችን ውስጠኛ ክፍል ሙቀት ነው።

ስለዚህ እናታችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ብርድ፣ ቀድሞ ለገባ ቫይረስ በር ሊያሰፋ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ቫይረሱን ራሱን ብርድ አይፈጥረውም፤ ቫይረሱ የሚመጣው ከሌላ ሰው ነው። ከሌላ ሰው የሚመጣውም በብዛት ሕፃናት ተጠጋግተው በሚተነፍሱበት፣ መስኮቱ በተዘጋ፣ ማሞቂያው አየሩን ባደረቀው ክፍል ውስጥ ነው። የእኅቴ ልጅ ከጉንፋን እንዲጠበቅ ተብሎ የተላከው ጉንፋን ወደሚተላለፍበት ቤት ነበር። ነፋስ በሚያገላብጠው ሜዳ ላይ ከሚያስል ጓደኛው የሚደርሰው፣ እዚያ ተቀምጦ ከሚስበው እጅግ ያነሰ ነው።

ከበሽታው ይልቅ ስለ ብርዱ ስንነጋገር ደግሞ ወደ እኔ ሙያ እንመጣለን፤ ጉዳዩ የሙቀት ሂሳብ ነውና። ቁጭ ያለ ትልቅ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ ልክ እንደ ድሮው ባለ ክር አምፖል። ሲሮጥ ይህ ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ ይደርሳል፤ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ሥራ ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ ነው። ልጅ ከትልቅ ሰው የሚለየው ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ሰፊ በመሆኑ ነው፤ ትንሽ ድስት ከትልቅ ድስት ቀድሞ እንደሚበርድ ሁሉ ልጅም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ይህ ለወላጆች ሥጋት የሚመሰክር እውነት ነው። የሚመሰክረው ግን ቆሞ ስለሚቀዘቅዝ ልጅ እንጂ ኳስ ስለሚያሳድድ ልጅ አይደለም። በብርድ ቀን አደገኛው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆች ተሰልፈው ተራቸውን የሚጠብቁበት ነው። ይህን የምለው ለወላጆች ሳይሆን ለመምህራን ነው።

ከሰውነት ሙቀት የሚዘርፉት ሁለት ሌቦች ነፋስና እርጥበት ናቸው። ነፋስ በቆዳችን ዙሪያ የሞቀውን ስስ የአየር ሽፋን ጠርጎ ይወስደዋል። ይህን በቁጥር ለመግለጽ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በአንታርክቲካ ነው፤ ሳይፕልና ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የተሞላ ውኃ በተለያየ ነፋስ ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ለክተው ነበር። የአሜሪካና የካናዳ የአየር ትንበያ ተቋማት ዛሬ የሚጠቀሙበት የተሻሻለ ቀመር እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ የዋለው ነው። በዚህ ቀመር መሠረት ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ቆዳችን የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ነው። ሰሜን ቴክሳስ ሜዳማ አገር ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ተራራ የለም። እርጥበት ደግሞ ከነፋስ ይብሳል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ያስተላልፋል። በ8 ዲግሪ ካፊያ የረጠበ ሹራብ የለበሰ ልጅ፣ በ2 ዲግሪ ደረቅ ፀሐይ ከሚሮጠው ልጅ ይልቅ ያሳስበኛል። እኅቴ ግን የምታየው ስልኳ ላይ ያለውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አብዛኞቻችንም እንደዚያው ነን።

የዳላስ ጃንዋሪ እንዲህ ነው፤ ቀን ቀን በአማካይ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊት ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል የተሰለፈ ሰው ይህን ብርድ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ያደገማ ይስቅበታል። የዳላስ ልዩ ጠባይ ብርዱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው። የአካባቢው ሰዎች "ብሉ ኖርዘር" የሚሉት ከሰሜን የሚወርድ የቀዝቃዛ አየር ግንባር፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን ከ10 ዲግሪ በላይ ሊጥለው ይችላል። ጠዋት በካናቴራ የወጣ ልጅ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ወቅት ውስጥ ራሱን ያገኛል። ለዚህ መድኃኒቱ ቦርሳ ውስጥ የተጠቀለለ ጃኬት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር ለሕፃናት መዋያዎች በጋራ ያወጡት መመሪያ፣ ለልጆች ጤና ከፍተኛ ሥጋት ብሎ የሚያሰምረው መስመር ሁለት ነው፤ ነፋሱ ታስቦ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪና ከዚያ በታች፣ እንዲሁም እርጥበቱ ታስቦ 32 ዲግሪና ከዚያ በላይ። የመጀመሪያው በዳላስ በብዙ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ሁለተኛው ግን የበጋው ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነው። በኦገስት፣ ትምህርት በሚከፈትበት ወር፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 36 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሙቀቱ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረሰባቸው ወይም ያለፈባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በዳላስ ልጅን ሊጎዳ የሚችለው አየር በኦገስትና በሴፕቴምበር ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ማስታወሻ የሚጽፍ ወላጅ አላገኘሁም። ለሙቀቱ "ፀሐይ ነው፣ ደግ ነው" እንላለን። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ደግሞ ልጅ በነፃነት ሊሮጥበት የሚችል የዚያ አገር መልካም ወቅት ነው። የምንዘጋበት ግን እርሱን ነው።

"2021ን ረሳኸው?" አለችኝ እኅቴ ይህን ስነግራት። አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 በዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ከ70 ዓመት በላይ ያልታየ። በግዛቲቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ተቋማት መብራት ጠፋባቸው። የጋዝ ማምረቻዎችና ማስተላለፊያዎች ለብርድ የተዘጋጁ ስላልነበሩ ረጉ፤ ጋዝ ሲጠፋ ማመንጫዎቹ ቆሙ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጋዙን የሚገፉት መሣሪያዎች ቆሙ። መንግሥት በይፋ የመዘገባቸው ሟቾች 246 ናቸው፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። ለመሞቅ ብለው በቤት ውስጥ መኪና ወይም ጄነሬተር ያስነሡ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘዋል፤ በሂዩስተን ከእኛው ማኅበረሰብ ሳይቀር በዚያ ጋዝ ሕይወት ጠፍቷል። እኅቴ በዚያ ሳምንት ልጇን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ መኪና ውስጥ አስተኝታው ነበር። በብርድ መፍራት እንዴት እንደሚጀምር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ሆኖም ያ ብርድ ምን ዓይነት ብርድ እንደነበር ማስተዋል ይገባል። ቤት ውስጥ፣ ቆመው ወይም ተኝተው፣ ለቀናት፣ ያለ ማሞቂያ የቆዩበት ብርድ ነው። በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቶቹም ተዘግተው ነበር፤ ማንም ልጅ ወደ ሜዳ አልወጣም። በ6 ዲግሪ ፀሐይ ለ30 ደቂቃ ሮጦ ሞቅ ወዳለ ክፍል መመለስ ከዚያ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ብቻ ነው የሚያመሳስለው።

በማስታወሻው ምክንያት የሚቀረው ነገርስ? የቴክሳስ የትምህርት ሕግ እስከ አምስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ያዛል፤ በየቀኑ የማይመች ከሆነ በሳምንት 135 ደቂቃ። ነፃ የሚያደርገው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የማይችለውን ልጅ ነው። ጤነኛ ልጅ በመስኮት ጎል ሲቆጥር ይህ 30 ደቂቃ ከእርሱ ይወሰዳል። ለብዙዎቹ ልጆቻችን ደግሞ በቀን ውስጥ የሚሮጡበት ሌላ ጊዜ የለም። ወላጅ ሁለት ፈረቃ ይሠራል፤ አፓርታማው ሜዳ የለውም፤ ማታ ታብሌት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን የዓይን ነገር ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሾቹ በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቁን አጥርቶ አለማየት የተባለው የዓይን ችግር ውጭ በወጡት ላይ 30.4 በመቶ፣ ባልወጡት ላይ 39.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ዋነኛ ምክንያት አድርገው የሚጠረጥሩት ብርሃኑን ነው። መብራት የበራበት ክፍል ጥቂት መቶ ሉክስ ብርሃን ነው ያለው፤ በደመና ቀን እንኳ ውጭው እስከ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ዓይን ብርዱን አይቆጥርም።

በቁጥር የማይለካም አለ። ልጁ "አራት ለሦስት አለቁ" አለኝ እንጂ "አለቅን" አላለም። በስደት አገር የሚያድግ ልጅ "እኛ" የሚልበትን ቦታ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው። በስሙ፣ በምሳ ዕቃው፣ በቋንቋው የሚለይ ልጅ፣ በእናቱ ማስታወሻ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ልዩነት ይጨመርለታል፤ "ብርድ የማይችለው ልጅ" ይባላል።

የሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርሁት ፊንላንድ ነው። ከቤተ ሙከራችን መስኮት ፊት ለፊት አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ እረፍት አለ፤ ልጆቹም በበረዶው ላይ ይፈሳሉ። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ የገባኝ ግን ፊንላንዳውያን ከእኛ ይልቅ ደፋር እንዳልሆኑ ነው፤ የተዘጋጁ ናቸው። በሕፃናት መዋያዎቻቸው የረጠበ ጓንትና ቱታ የሚደርቅበት ሞቃት አየር የሚነፋ ቁም ሣጥን አለ። መሐንዲስ ነኝና ሙዚየም ከመጎብኘት ይልቅ ያን ቁም ሣጥን ማየት አስደስቶኛል። ብርድን ያሸነፉት በቁም ሣጥን ነው።

እኛም ብንሆን ይህን ጥበብ አናጣውም። የመንዝ ሰው በጉን ሸልቶ ባናና ዝተት የሚሠራው፣ በርኖስ የሚደርበው ለዚሁ ነው፤ እረኛ ልጅ በአመዳይ ማለዳ ከብት ይዞ የሚወጣው ተሸፋፍኖ ነው እንጂ ቤት አይቀርም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ አቅራቢያ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ሁላችንም እንተርካለን፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በእነርሱ በምንኮራበት ሳሎን ተቀምጠን ነው ማስታወሻውን የምንጽፈው። (ታሪኩን ከልክ በላይ እንዳላጣፍጠው ልጠንቀቅ፤ በዚያ ብርድ ጫማና ሹራብ አጥተው የታመሙ ልጆችም ነበሩ፤ ስማቸውን ግን ማንም አልመዘገበውም።)

ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይወስደኛል። "ልጆቹ ይውጡ" ማለት የሚቻለው ሁሉም የሚለብሱት ሲኖራቸው ነው። ገና ትናንት የመጣ ቤተሰብ የክረምት ጃኬት ላይኖረው ይችላል፤ ልጁም "የለኝም" ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥን ይመርጣል። በየትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አንድ ሣጥን ትርፍ ጃኬትና ጓንት ቢቀመጥ፣ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የመረዳጃ ማኅበራት በአንድ ቅዳሜ ሊሞሉት ይችላሉ። መምህሩም ቢያንስ ልብሳቸውን ሳያይ ልጆቹን ማስወጣት የለበትም።

በእርግጥ ማስታወሻ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። አስም ያለበት ልጅ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር እየሳበ ሲሮጥ ደረቱ ሊጠብበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ቀስ ብሎ እንዲሟሟቅ፣ አፍና አፍንጫውን በስካርፍ እንዲሸፍን፣ ሐኪሙ ካዘዘለትም የሚሳበውን መድኃኒት አስቀድሞ እንዲወስድ ያስፈልጋል። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያለበትን ልጅ ብርድ ለከባድ ሥቃይ ሊዳርገው ይችላል። ትኩሳት ያለበትም ቤቱ ይቆይ። ለእነዚህ የሐኪም ወረቀት እንጂ የኩሽና ደብተር ቅጠል አይበቃቸውም። ለቀሩት መስመሩ የት ይሁን ብትሉኝ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ቤት ወረዳ የራሱ ደንብ አለው፤ እኔ ግን ልብሱ ደረቅ እስከሆነና ነፋሱ ታስቦ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ እስካልወረደ ድረስ የእኅቴን ልጅ አስወጣው ነበር። ዝናብ ከቀላቀለ ግን በ8 ዲግሪም አላስወጣውም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው የስፖርት ቀን እኅቴ ደብተሩን አላነሣችም፤ ጃኬቱን ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። እናታችን "ኮፍያውን እንዳያወልቅ ንገሪው" ብላ ብቻ ተስማማች። ማታ ሲመጣ ኮፍያው ኪሱ ውስጥ፣ ጃኬቱ ወገቡ ላይ ታስሮ ነበር፤ አንገቱ ላይ ላብ ደርቋል። እንዴት ነበር ስለው ቦርሳውን ወረወረና "አምስት ለሁለት ተሸነፍን" አለኝ።